እናየዋለን

የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ «እናየዋለን» ይሉታል። ቅጽል ስሙ የወጣለት እንዲያው በከንቱ አይደለም፤ በሥራ ዘመኑ «እሺ» ወይም «እምቢ» ብሎ አያውቅም። ሦስተኛ ጸሐፊ ሆኖ የአለቆቹን ሻንጣ ሲቀበልም፣ አማካሪ ሆኖ ንግግራቸውን ሲጽፍም፣ ከአፉ የወጣች አንዲት ቃል ማንንም አስቀይማ አታውቅም። ማንንም ጠቅማ አታውቅም፤ ይኼ ግን ለሹመት እንቅፋት ሆኖ አያውቅም።

ሚስቱ ደግሞ መጋረጃ ስታሳጥርና ስታስረዝም ኖረች። እሱ በተዛወረ ቁጥር አዲስ ቤት፣ በአዲሱ ቤት ሌላ መስኮት። አንዱ አገር ያጠረው መጋረጃ ሌላው አገር መሬት ይጠርጋል። ጠርዙን እየተረተረች «ይኼ የመጨረሻችን ነው አይደል? ከዚህ በኋላ ቤታችን እንገባለን?» ትለዋለች። መልሱን መቼም አታጡትም።

ደጅ ሲጠናለት የኖረው አምባሳደርነት በመጨረሻ መጣ። ሹመቱን ለመጠበቅ ወደ አገር ቤት ተመልሰው ሳሉ ነበር። በደስታ ክንፍ አውጥቶ ቤቱ ሲገባ፣ ሚስቱ ወንበር ላይ ቆማ መጋረጃ ትሰቅላለች።

«ሹመቱ ጸደቀ!»

«እንኳን ደስ ያለህ።»

«ታዲያ ምን ትሰቅያለሽ? ዕቃ መሸከፍ ነው እንጂ!»

«ለዚህ መስኮት ነው የሰፋሁት። እየው፣ ልኩ ነው።» ከወንበሩ ወረደች። «አንድ ቀን እንኳ ቁርጡን ንገረኝ ብዬ ስንቴ ለመንኩህ? እንግዲህ እኔ ልንገርህ። አልሄድም።»

ያንን ሁሉ መንግሥት አስታርቋል የተባለለት ሰው «አትቅሪብኝ» ማለት ፈልጎ ነበር። ቃሊቱ ምላሱ ጫፍ ደርሳ ነበር።

«እስቲ… እናየዋለን» አላት።

«እኔ አይቼዋለሁ» አለችው።

ብቻውን ሄደ። የሹመት ደብዳቤውን ባቀረበበት ቀን የተሾመበት አገር ፕሬዚዳንት እጁን ጨብጠው፣ እንደ ወጉ «ባለቤትዎስ ደህና ናቸው?» አሉት። ዐይኑ ከጀርባቸው ባለው መስኮት ላይ አረፈ። መጋረጃው ልክክ ያለ ነበር። በዕድሜው ሠርቶት የማያውቀውን ስሕተትም ሠራ፤ እውነቱን ተናገረ።

«ትታኝ ቀረች። ጥፋቱም የእኔ ነው።»

አስተርጓሚው ለዓመታት በእጁ ያሠለጠነው የራሱ ሰው ነበር። ቅንጣት ሳይደነግጥ ወደ ፕሬዚዳንቱ ዞረ።

«ባለቤታቸው የከበረ ሰላምታቸውን ልከዋል» አለ።

ፕሬዚዳንቱም ፈገግ ብለው አመሰገኑ።