ቀጭኔው የፈረመ ሰሞን

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ «ሦስት ነጥብ» እያለ ነው የሚጠራው። ስሙን ያተረፈው ከስፌት መኪናው ሳይነሳ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየጠቀለለ ጥግ ወዳለው የቆሻሻ ቅርጫት እንደ ቅርጫት ኳስ ስለሚወረውር ነው። ሲገባለት «ሦስት ነጥብ!» ብሎ ሱቁን ያናጋዋል። ሲስትም ይጮሃል፤ ያኔ ጥፋቱ የዳኛው ነው።

ሚስቱ የሞተችበት ልጃቸው ገና ፊደል ሳትለይ ነበር። ሌላ አላገባም። ልጅቷን በአንድ እጁ መርፌ፣ በአንድ እጁ ማንኪያ ይዞ አሳደጋት። የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ያለ ቀን ትከሻው ላይ አስቀምጧት ሜዳ ይሄዳል፤ ጎረቤቶቹ «ሴት ልጅ ምን አባቷ ታውቃለች?» ሲሉት፣ «ከኔ የበለጠ ነው የምትሳደበው» ይል ነበር በኩራት። አድጋ ነርስ ሆነች፣ የሰፈሩ ክሊኒክ ውስጥ ተቀጠረች። ምሳውን ሱቅ ድረስ የምታመጣለትም እሷ ነች።

አንድ ዓመት የከተማው ቡድን ውድድሩን ሲጨርስ የቀጭኔው ውልም አብሮ አለቀ። ቀጭኔው የቡድኑ ኮከብ፣ የዚሁ ሰፈር ልጅ ነው። ልጅ ሳለ ቁመቱ አልቆም ብሎ፣ የቱታውን እግር ጨርቅ እየቀጠለ ያስረዘመለት ሦስት ነጥብ ነበር። አሁን ግን ከፈለገው ቡድን ጋር መፈረም ይችላል፤ ከልካይ የለውም። ሰፈሩ ሌላ ወሬ አጣ። ይቆያል? ይሄዳል?

«አለቀ፣ ሄዷል» አለ ታክሲ ነጂው አንድ ቀን፣ ሱሪውን ሊያሳጥር መጥቶ። «ትናንት እናቱን ገበያ አድርሻት ነበር። አንዲት ቃል አልወጣትም። ሌላ ጊዜ እኮ አፏ አያርፍም።»

«አንተ መቼ ዕድል ሰጥተሃት ትናገር?» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «ይልቅ እኔን ስማኝ። ፍሪጅ ገዝቷል። ሲያስገቡ በዓይኔ አይቻለሁ። ሊሄድ የተነሳ ሰው ፍሪጅ ይገዛል?»

«ለእናቱ ነዋ! ሊሄድ ስለሆነ እኮ ነው የገዛላት!»

ሦስት ነጥብ የስፌት መኪናውን አቁሞ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። እሱ መነጽሩን ሲሰቅል ሁሉም ዝም ይላል።

«አትድከሙ፣ አይሄድም» አለ። «ያሳደገውን ጥሎ የሚሄድ ከሰው አይቆጠርም። ይሄ ልጅ ደግሞ ሰው ነው።»

ልጅቷ ምሳ ዕቃውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለትና ሳትቀመጥ ወጣች። ሥራ በዝቶባት ነው ብሎ አለፈው።

በዚያው ሳምንት እራት ላይ፣ «አባዬ» አለችው ሾርባዋን እያማሰለች። «ቀጭኔው ቢሄድስ ምን አለበት? እዚያ የበለጠ ይማር ይሆናል።»

«እዚህ ምን ጎደለበት?»

«ምንም። ሰው ሳይጎድልበትም እኮ ይሄዳል።»

«የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ልቡ ነው፤ እግሩ በኋላ ይከተላል» አለ ዳቦውን እየቆረሰ። «እንዲህ ያለውን ሰው እኔ ደግሜ ዓይኑን አላየውም።»

እሱ የሚያወራው ስለ ኳስ ነበር። ልጅቷ ሳህኗን አነሳች፤ ሾርባው እንዳለ ነበር።

ቀጭኔው ለሌላ ከተማ ቡድን መፈረሙን ሬዲዮ ሲናገር ሱቁ ለቅሶ ቤት መሰለ። ታክሲ ነጂው እንኳ «አላልኳችሁም?» ለማለት አፉ አልታዘዘለትም። ሦስት ነጥብ ግድግዳው ላይ የሰቀለውን የቡድኑን ማሊያ አውርዶ፣ ራሱ የሰፋበትን የቀጭኔውን ቁጥር በምላጭ ተረተረው። ቤት ገብቶም አልበረደለትም።

«እናቱስ እንዴት ዝም አለች? የኔ ልጅ ቢሆን በሩን ቆልፌበት ነበር!»

ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታው ዕቃ ታጥባለች። «አታስብ አባዬ፣ እኔ የትም አልሄድም» አለች።

ሳቀ። በዚያ ቀን የሳቀው ያኔ ብቻ ነው። «አንቺን ደግሞ ማን አስፈረመሽ!»

ጊዜ አለፈ። አንድ ጠዋት የክሊኒኩ አለቃ የሆኑት ሲስተር የሥራ ጋዋናቸውን እጅጌ ሊያሳጥሩ መጡ። እሱ ጠመኔውን ይዞ ሲለካ፣ «ጋሼ፣ ልጅዎን ግን ምን ነካብን?» አሉት።

«ምን ሆነች?»

«ያ ሌላ ከተማ ያለው ትልቁ ሆስፒታል ነዋ! ለቀዶ ሕክምና ክፍል እያስተማርን እንቅጠርሽ ብለው፣ ከዚያ ሁሉ ነርስ መርጠዋት እንቢ አለች። ‹አባቴን ጥዬ አልሄድም› ብላ። እኔማ እርስዎ የመከሯት መስሎኝ ነበር።»

«መቼ ነው ይሄ?»

«ይሄ ቀጭኔያችሁ የሄደ ሰሞን።»

ሲስተር እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። እሱ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ሱቁን ክፍት ትቶ ወጣ። ክሊኒኩ ሲደርስ ልጁ ቁስል ማሰሪያ ክፍል ውስጥ ፋሻ ትጠቀልላለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ስለ ምን እንደሚያወራ አልጠየቀችውም። «ልነግርህ ነበር። እራት ላይ።»

«የጠየቅሽኝ ስለ ቀጭኔው ነው!»

«አዎ።»

ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «እኔ እኮ ስለ ኳስ ነው ያወራሁት፣ ልጄ። ኳስ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ አባዬ። ግን ፊትህን አየሁት።»

በማግስቱ ለሠርግ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ፣ በአውቶቡስ ሆስፒታሉ ድረስ ሄደ። የቅጥር ክፍሏ ሴትዮ በትሕትና አነጋገረችው፤ ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል፣ ለከርሞ ትሞክር አለችው።

«እንቢ ያለችው በኔ ነው» አላት። «እሷ ጥፋት የለባትም።»

ሴትዮዋ ውሃ ቀዳችለት።

በዓመቱ የቅጥር ማስታወቂያው ሲወጣ ቀድሞ ያየው እሱ ነው፤ እየሮጠ አመጣላት። አንብባ መለሰችለት።

«ዘንድሮ አልፈልግም።»

«በኔ ምክንያት ከሆነ...»

«በአንተ አይደለም። ያኔ ልቤ ሞቆ ነበር፤ አሁን በርዷል። በቃ።»

ብትጮህበት ይሻለው ነበር። አንድም ቀን አልወቀሰችውም፤ ምሳውን ታመጣለታለች፣ ክኒኑን ታስታውሰዋለች። ወዳጆቹ የሚቀጥለው ውሉ የሚያልቅ ተጫዋች ማን እንደሆነ ሲከራከሩ እሱ ጎንበስ ብሎ ይሰፋል። ልጁ አፏን ሳትከፍት ያለፈቻቸውን ቀኖች አንድ በአንድ ያስባል፤ ያን ጊዜ ቀና ብሎ አይቷት ቢሆን ኖሮ ይላል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ «እዚያ ቢሆን ምን ነበር የምትማሪው?» አላት።

መጀመሪያ ትከሻዋን ሰበቀች። ከዚያ ቀስ ብላ ጀመረች፤ በዚያ ክፍል ከላይ የሚበራው መብራት ጥላ እንደሌለው፣ ሐኪሙ እጁን ሲዘረጋ ሳይናገር የሚፈልገውን ማወቅ እንዳለባት፣ ተማሪ ሳለች ደረቱ የተከፈተ ሰው ልብ ሲመታ አንድ ጊዜ በቅርብ እንዳየች። እጆቿ አብረው ይናገሩ ነበር። እንዲህ ስታወራ ከሰማት ስንት ዘመኑ! ትንፋሹን ይዞ አዳመጣት።

ድንገት ወሬዋን አቋረጠች። እጆቿን ጭኗ ላይ መልሳ አሳረፈቻቸው።

«ሻይ ላፍላልህ?» አለችው፣ ተነስታ።

«ጨርሺልኝ እንጂ፣ ልጄ» አላት።

እሷ ግን ወጥ ቤት ገብታ ነበር።