ያላዘነ

ጎሕ ሲቀድ ውሻ ሲያላዝን በሰማሁ ቁጥር፣ ከአልጋዬ ሳልነሳ ልቤ ያደግሁባት መካነ ሰላም ይደርሳል። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ወደ ገበያው በሚያወርደው መንገድ ዳር ነበር። አባቴ የቅኔ መምህር ስለነበር ቃል ሰምቶ ዝም ብሎ አያሳልፍም፤ በክረምት ዝናቡ ከቤት ሲያስቀረን ታላቅ ወንድሜን አበራንና እኔን ፊቱ አስቀምጦ፣ በሬ ያጓራል፣ አህያ ታናፋለች፣ ፈረስ ያሽካካል እያለ የየቃሉን ዘር ይጠይቀን ነበር። ሁልጊዜ የሚመልሰው አበራ ነበር። እኔ አንድም ቀን ቀድሜው አላውቅም።

አንድ ቀን አበራ ራሱ ጠየቀው። «አባባ፣ ማላዘን ከሐዘን የመጣ ነው?»

«የሚሉ አሉ፤ እኔ እንጃ» አለ አባቴ። «ግን ‹ያላዘነ› ስትል ሁለት ነው፤ እንደ ውሻ የጮኸም ይሆናል፣ ሐዘን ያልተሰማውም ይሆናል።»

በመስከረም አበራ ለትምህርት ደሴ ሄደ። የቀይ ሽብር ዓመት ነበር። በሚያዝያ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር የአበራን ኮት በጋዜጣ ጠቅልሎ አምጥቶ ለአባቴ ሰጠውና፣ «አላህ ያጽናችሁ የኔታ» ብሎ ሳይቀመጥ ሄደ። እናቴ ልትጮህ አፏን ስትከፍት አባቴ በእጁ ከደነው። ፀረ አብዮተኛ ተብሎ ለተገደለ ማልቀስ ክልክል ነበር፤ ከታች ሰፈር አንዲት እናት ደረቷን ስለደቃች ታስራ ነበር። እናቴ ነጠላዋን ጠቅልላ ነክሳ፣ ቀኑን ሙሉ ዱቄት ስትነፋ ዋለች።

በማግስቱ ጧት አበራ ከቡችላነቱ ያሳደገው ውሻችን ቦራ ኮቱን ጎትቶ አውርዶ፣ ላዩ ላይ ተኝቶ ያላዝን ጀመር። ብንመታውም አልተወም። ወዲያው ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃ እንዳነገቱ ገቡ።

«ማነው እዚህ ቤት የሚያለቅሰው?» አለ አንደኛው።

አባቴ ትክ ብሎ አየውና «ያላዘነ ውሻ ነው» አለ።

ሰውየው ወደ ቦራ ዞር ብሎ ሳቀ። «በሉ ዝም አሰኙት» ብሎ ወጣ።

እኔ ግን ገባኝ። ለልጅ ሞት የማያዝን ሰው ውሻ ነው ማለቱ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅኔ ብቻዬን ፈታሁ፤ ወንድሜ በሞተ ማግስት ደስ አለኝ።

ደስታዬን የምነግረው ሰው ፈለግሁ። ትምህርት ቤት ከጎኔ ለምትቀመጠው ለዘነበች በዕረፍት ሰዓት ነገርኋት፤ አልገባኝም ስትል ቃሉን ሁለት ጊዜ ፈታሁላት። አባቷ የቀበሌው ሊቀመንበር መሆኑን አውቅ ነበር። ምንም አላሰብሁም። በሦስተኛው ቀን አባቴን ወሰዱት።

በጥቅምት ሲለቁት የውስጥ እግሩ ቆስሎ፣ ያለ ምርኩዝ መቆም አቅቶት ነበር። እናቴ እግሩን በሞቀ ውሃ እያጠበች «ማን ነው ያወራብን?» ስትለው «ተይው» ይላት ነበር። ያን ጊዜ ዓይኔን እንዳያይብኝ ወደ ግድግዳው እዞር ነበር። የሚቀጥለው ክረምት መጣ፣ ዝናቡም እንደ ወትሮው ቤት አዋለን፤ አባቴ ግን ከዚያ ወዲያ ስለ ቃል ጠይቆኝ አያውቅም። አውቆብኝ ይሁን፣ ደክሞት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁን በመካነ ሰላም ለቅሶ የሚከለክል የለም። አባቴ ሲያርፍ ድንኳን ተተክሎ፣ እናቴ ያን ዘመን ሁሉ የዋጠችውን የአበራን ስም ከአባቴ ስም ጋር እያፈራረቀች እየጠራች ሦስት ቀን አለቀሰች፤ ሰውም አብሯት አለቀሰ። እሷ ወጣላት። ልጠይቃት በሄድሁ ቁጥር፣ ያ ሁሉ ዓመት አልፎ እንኳ፣ ጋቢዋን እየሰበሰበች «ለመሆኑ ማን ይሆን ያወራብን?» ትለኛለች።

«እንጃ እማዬ» እላታለሁ።