በሱቁ በር የመጡ ሽማግሌዎች

አሰላ ዋናው መንገድ ላይ ያለው ቤታችን ሁለት በር አለው። አያቴ ጨውና አቡጀዲ በበቅሎ እያመላለሰ ሲነግድ የሠራው ነው። ከፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ከፍ ባለ የድንጋይ በረንዳ ላይ፣ የሱቁ የእንጨት በር አለ። በጎን ደግሞ ጭነት የያዘች በቅሎ ግድግዳ ሳትነካ የምታልፍበት፣ ጣሪያ ያለው ሰፊ መተላለፊያ በትልቅ በር ተዘግቶ ወደ ግቢው ይወስዳል። ሱቁና ሳሎኑ የሚገናኙት በአንዲት ጠባብ የውስጥ በር ነው፤ በእሷ የሚያልፈው የቤት ሰው ብቻ ነው። ደንበኛ በሱቅ፣ እንግዳ በግቢ። አባቴ፣ "በሱቅ የመጣ ያኖረናል፣ በግቢ የመጣ ያከብረናል" ይላል። እኔ ይህን የድሮ ሰው ፈሊጥ ነው ብዬ ስስቅበት ነው የኖርኩት።

ሱቁን አሁን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ሲሚንቶ፣ ሚስማርና ቆርቆሮ እሸጣለሁ። ዘንድሮ ክረምት ሲገባ የመጋዘኑ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። ሲሚንቶ ደግሞ ውሃ ከነካው አለቀለት። የት ላድርገው? መተላለፊያው ደረቅ ነው፤ ከትልቁ በር ጀርባ እስከ ወገብ ደረደርኩት። አባቴ አይቶ፣ "በር ዘግተህ እንግዳ በየት ሊገባ ነው?" አለኝ።

"ደግሞ የምን እንግዳ?" አልኩት። ምላሴ እኮ አያፍርም።

እህቴ እናታችን ከሞተች ወዲህ አባታችንን ስትጦርና ቤቱን ስትይዝ ዕድሜዋ ሠላሳን አለፈ። ጎረቤት "ቆማ ቀረች" ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ታዲያ አንድ ቀን ማድቤት ጠርታኝ፣ የምትወደው ሰው ቤተሰቦች እሑድ ጠዋት ከጎበሳ ከተማ ሽማግሌ እንደሚልኩ ነገረችኝ። ከእኔ የፈለገችው አንድ ነገር ነው።

"በሩን አጽዳልኝ።"

"አንቺ ደግሞ! እሱም ሥራ ሆኖ?"

ቅዳሜ ገበያ ነው፣ አልተመቸኝም። ጭራሽ አመሻሹ ላይ ሌላ ሲሚንቶ ገባና በላዩ ላይ አስደረደርኩበት። ጠዋት ተነስቼ አነሳዋለሁ አልኩ። ጠዋት ግን የተነሳሁት ሙሉ ልብሴን ለመልበስ ነው። ታላቅ ወንድም ነኛ! ከአባቴ ጎን ተቀምጬ ሽማግሌ የምቀበለው እኔ ነኝ። አባቴ ወሬው ደርሶታል፤ ግን ወጉ ነውና እንዳልሰማ ሆኖ እንደ ሁልጊዜው ሱቅ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። እኔም አጠገቡ ጫማዬን እየወለወልኩ ሳለ መጡ።

ጋቢ የለበሱ ሦስት አዛውንት ናቸው። ትልቁን በር አንኳኩተው፣ ማን ይስማቸው? ዞረው በሱቁ ገቡና በወጉ መሠረት ቆሙ። አንጋፋው፣ "ጉዳይ ይዘን መጥተናል፤ ልጅዎን ለልጃችን ልንጠይቅ ነው" አሉ።

የአባቴ ፊት ተለዋወጠ። "በዚህ በር የሚጠየቀው ሚስማር ነው። ልጄ በባንኮኒ ላይ አትጠየቅም። በግቢው በር ይምጡ።"

"አንኳኳን እኮ፤ የሚከፍት ጠፋ።"

አባቴ ዞሮ አየኝ። ምነው ያኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! "ሲሚንቶ አለበት... ዛሬን በዚህ ቢያልፉስ?" አልኩ፣ የውስጥ በሩን እያሳየሁ። አባቴ ተነስቶ ገባና በሩን ከኋላው ዘጋው።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ቆሞ የተመለሰ ሽማግሌ እምቢ የተባለ ሽማግሌ ነው። ጎበሳ ሲደርሱ ወሬው ይኸው ነው፤ ዳግመኛ ማን ይልክባታል? አንጋፋው ጃንጥላቸውን አነሱ።

እህቴ ለካ ከውስጥ በሩ ጀርባ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። የምትጠየቅ ልጅ በዚያ ቀን ለሽማግሌ አትታይም፣ ጓዳ ነው የምትቀመጠው። እሷ ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ብቅ አለች። ቀና ብላ ሳታያቸው፣ "አባቶቼ፣ ከትልቁ በር ትንሽ ይታገሱልኝ" አለችና በቤት ውስጥ አልፋ ወደ መተላለፊያው ሮጠች።

ተከትያት ሄድኩ። የመጀመሪያውን ከረጢት ጎትታ ስትጥለው አቧራው ቡን አለ። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ወደ ኋላ ሸሸሁ። ልብሴ!

"ቆይ፣ የቀን ሠራተኛ ልጥራ" አልኳት።

"በእሑድ ጠዋት?" አለችና ሁለተኛውን ጎተተች።

ኮቴን አውልቄ የምሰቅልበት ንጹሕ ቦታ ስፈልግ እሷ እያቃሰተች መንገዱን ከፈተች። ከበሩ ማዶ የሽማግሌዎቹ ጨዋታ ይሰማ ነበር። እኔ እነሱን ከሰማሁ እነሱም እሷን ሰምተዋታል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ፊቴ ይግላል።

በሩ ሲከፈት ከጠጉሯ እስከ እግሯ አመድ መስላ ቆማለች። ሊጠይቋት የመጡት ልጅ! አንጋፋው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ "ተባረኪ ልጄ" ብለዋት አለፉ።

አባቴ ሳሎን ሆኖ ተቀበላቸው፣ አስቀመጣቸው። ጥያቄያቸውን እንደገና ከመጀመሪያው ተናገሩ። ወጉ ቢሆን አባት ወዲያው እሺ አይልም፤ ዘመድ ላማክር ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። አባቴ ግን ደጃፉ ላይ ከነአቧራዋ የቆመችውን ልጁን ብዙ አያት።

"ቀጠሮ አልሰጥም" አለ። "ራሷ ከፍታላችኋለች፤ እኔ ምን ብዬ እዘጋለሁ? ሰጥቻለሁ።"

ከዚያ ከጎኑ ያለውን፣ የእኔን ቦታ፣ በእጁ መታ መታ አደረገና ጠራት። ከነሲሚንቶዋ መጥታ ተቀመጠች። እኔ ሳሎኑ መሐል፣ በዚያ በንጹሕ ልብሴ፣ እንደ ቆምኩ ነኝ። አባቴ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ በስንት ጣዕሙ!

"አንተ ሂድ" አለኝ፣ "ሱቁ ሰው የለውም።"

በጠባቧ በር ወጥቼ ባንኮኒው ጀርባ ቆምኩ። ከውስጥ አንጋፋው ሽማግሌ እህቴን ሲመርቁ ይሰማኛል፤ ሁሉም አሜን ይላሉ። እኔም ልል አፌን ከፈትኩ፤ አፍሬ ዝም አልኩ።