ዙቤይዳ ወተት የተወች ጊዜ

ዙቤይዳ ከሚሴ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ናት። አላህ ሪዝቋን፣ እንጀራዋን አሰፋላት፤ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዋ ላይ ስለምትውል ሰውነቷም አብሮ ሰፋ። አምና ሶላት ላይ ግንባሯን ከደፋችበት ከሱጁድ መነሳት አቃታት፤ ወንበር ላይ ሆና መስገድ ጀመረች። ዲኑ ለደካማ ገር መሆኑን ታውቃለች፤ ግንባሯ ምንጣፉን አለመንካቱ ግን ከነከናት።

"ወተት ነው ያወፈረሽ" አሏት ደንበኞቿ። ተወችው።

ወተቱ የሚመጣው ከገጠር፣ ከጨፋ ነው፤ አባቷ ለሰርጓ ከሰጧት ጊደር ዘር። ላሟን የምታልበው እህቷ ሰዒዳ በየገበያው ቀን በጮጮ ታመጣላታለች። የወተት ዕቃ ባዶውን ስለማይመለስ ዙቤይዳ ስኳር በላስቲክ ቋጥራ ታኖርበታለች። እምቢ ማለት አፍራ ወተቱን ለጎረቤቷ ለብፅዓት እየሰጠች፣ ረሃቧን በጣፋጭ ሻይና በብስኩት ታስታግስ ጀመር። ክብደቷ ጨመረ።

አንድ ቀን ብፅዓት ሰዒዳን መንገድ ላይ አግኝታ ስለ ወተቱ አመሰገነቻት። ሰዒዳ ቀጥታ ወደ እህቷ ሄደች።

"የአባባን ላም ጠላሻት?"

"ላሟን አይደለም፣ ውፍረቴን ነው።"

"ታዲያ ወተቷን ሳትቀምሺ በሩ ለምን ጠበበሽ?"

ዙቤይዳ ሳቀች። ተያይዘው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ነርሷ ዓዲላ መዘነቻት።

"ሻይ ታበዢያለሽ?"

"ሰው በመጣ ቁጥር እጠጣለሁ።"

"ስኳሩስ?"

"ማንኪያው ቆሞ ይቀራል" አለች ሰዒዳ።

ዓዲላ ፈገግ አለች። "ወተት መተው ብቻውን አያከሳም፣ እህቴ። እንዲያውም አንዳንድ ጥናቶች ካልሲየም በደንብ የሚያገኙ ሰዎች ክብደታቸው አነስ ብሎ አግኝተውታል፤ ሌሎቹ ግን ልዩነት አላዩም። ስለዚህ ወተት ያከሳሻል ብዬ አልሸነግልሽም። ለአጥንትሽ ግን ያስፈልግሻል። በልኩ ጠጪ፤ ስኳሩንና ብስኩቱን ቀንሺ፤ በእግርሽም ሂጂ።"

ዙቤይዳ ወደ ወተቷ ተመለሰች። ሻይዋን ያለ ስኳር ለመደች፤ ባጃጅ ትታ በእግሯ ወደ ቤቷ መግባት ጀመረች። እጅግ አልከሳችም። ረመዳን ሲገባ ግን አንድ ጎህ ላይ ምንጣፉ ላይ ሰገደች፤ ከሱጁድም እጇን ተደግፋ ተነሳች። ሰላምታዋን ከጨረሰች በኋላ እዚያው ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ አልሐምዱሊላህ አለች።

ዛሬ በስኳሩ ፈንታ በጮጮው አፍ የምታኖረው ለሰዒዳ ልጅ የሰፋችውን ቀሚስ ነው።

"ለአንቺ ጉልበት ብለን እኛ ሻያችን መረረ" ትላለች ሰዒዳ።

ትሰግድበት የነበረው ወንበር አሁን ሱቋ ውስጥ ነው፤ ደንበኞች ይቀመጡበታል።