ሞታም ዝም ያላለችው ሴት

አስካለች ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ መጀመሪያ የገባችው ለመጣላት ነበር። ሚዛን ከተማ፣ ገበያው ዳር ሙዝና ኮረሪማ ትሸጣለች፤ ከመደቧ ጀርባ ያለው የቆርቆሮ ቤት ደግሞ የጋሽ ሸምሱ ቪዲዮ ቤት ነው። ስፒከሩ ሲጮህ ደንበኛ የጠየቃትን አትሰማም። አንድ እሑድ ከሰዓት ትዕግሥቷ አለቀና ሙዟን ለጎረቤቷ አደራ ብላ በሩን ገፍታ ገባች።

ውስጥ የባጃጅ ሾፌሮችና ቡና ለቃሚዎች አግዳሚው ላይ ተጠቅጥቀው አንድ አሮጌ የጃፓን ካርቱን ያያሉ። ዓለም በጦርነት ተቃጥላለች፤ የቀረው አሸዋና ጉልበተኛ ብቻ ነው። በአሸዋው ላይ አንድ ትከሻው በር የማያስገባው ተዋጊ እየዞረ ክፉዎቹን በጣቱ ነካ ያደርጋቸዋል። መጀመሪያ ምንም አይሆኑም፤ እንዲያውም ይስቁበታል። ጥቂት ቆይተው እንደ ፊኛ ይፈነዳሉ።

ጥግ ላይ ማይክ ይዞ የሚያስተረጉመው ፈንታው ነው። ፈንታው ጃፓንኛ አያውቅም፤ አለማወቁን ሁሉም ያውቃል፤ ቅር የሚለው ግን የለም። ለክፉዎቹ የሚያጓራ፣ ለተዋጊው የረጋ ድምፅ አለው። ያቃተው የሴት ድምፅ ነው። አስካለች የገባችው የተዋጊው እጮኛ ከታሰረችበት ቤት በመስኮት ብቅ ባለችበት ሰዓት ነበር፤ ፈንታው ጉሮሮውን አጥብቦ፣ «የኔ ጀግና፣ እባክህ አድነኝ» ይላል።

አስካለች የመጣችበትን ነገር ረሳችው።

«እንዲህ የምታወራ ሴት የት አይተህ ነው?» አለችው።

«ታዲያ አንቺ ተናገሪላታ» ብሎ ማይኩን ዘረጋላት። ሊያሳፍራት ፈልጎ ነበር።

እሷ ግን ተቀበለችው። ተዋጊው መስኮቱ ሥር ቆሞ ሽቅብ ያያል። «አሁን ነው የምትመጣው?» አለችው አስካለች። «አገር ምድሩን ስትደበድብ ከርመህ አንድ ጀሪካን ውሃ እንኳ ይዘህ አልመጣህም?»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። በሩ ላይ የቆመው ጋሽ ሸምሱ አልሳቀም፤ እያሰበ ነበር። ካርቱኑ ሲያልቅ፣ «በሚቀጥለው እሑድም ነይ፤ ስፒከሩን እቀንስልሻለሁ» አላት። አስካለች ተስማማች፤ ማይኩን ስትይዝ ግን ራሷ ድምፁን ከፍ ታስደርገው ጀመር።

ከዚያ ወዲህ የገበያው ሴቶችም መምጣት ጀመሩ፤ ጥያቄም ይዘው መጡ። በሚዛን ጣራ ደርቆ አያውቅምና ውሃ የጠፋበት ዓለም አልዋጥ አላቸው።

«ለምን ወደ ጌጫ አይወጡም? እዚያ ዝናብ ነው» አለች አንዷ።

«ጌጫም ደርቋል» አለ ፈንታው።

«ሸኮስ?»

«ሸኮም።»

ማንም አላመነውም። አስካለች ማይኩን ወሰደችና፣ «ውሃውስ አለ፤ መንገዱ ተበላሽቶ ነው» አለች። ይህን ሁሉም አመነ።

እንዲህ እንዲህ እያለ የመጨረሻው ክፍል ደረሰ። ፈንታው አስቀድሞ አይቶት ነበርና በጠዋት መደቧ ድረስ ሄዶ፣ «ዛሬ ትሞቻለሽ» አላት።

«ማን ወሰነ?»

«ጃፓኖቹ።»

አስካለች ረፋዱን ሙሉ ሙዙን ያለ ወጉ ስትመዝን አረፈደች። ከዚያች ልጅ ጋር ከርማለች፤ ክፉዎቹን የሰደበችላትም፣ ያን ዝምተኛ ተዋጊ የመከረችላትም እሷ ነች።

ከሰዓት ስክሪኑ ላይ ቀስት ተወረወረ። ልጅቷ ወደቀች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ተዋጊው አቅፎ አነሳት። ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ፈንታው በተዋጊው የረጋ ድምፅ፣ «ውዴ፣ ተለየሽኝ» አለ።

«ጠበቅ አድርገህ ያዘኝ፣ ልትጥለኝ ነው» አለች አስካለች።

ፈንታው ማይኩን በእጁ ሸፈነ። «አስካለች፣ ሞተሻል እኮ።»

«አውቃለሁ። የተመታሁት ደረቴን ነው፤ አፌን አይደለም።»

ማይኩን አስለቀቀችው። ተዋጊው መቃብር ሲቆፍር ጠለቅ እንዲያደርገው ነገረችው። ቆፍሮ ሲጨርስ እህል እንዲቀምስ፣ ያን ቀዳዳ ልብሱን እንዲያሰፋ አሳሰበችው። ፈንታው ተናደደ፤ በተዋጊው ድምፅ፣ «ሴትዮ፣ ሐዘኔን ልጨርስ እንጂ» አላት። አልቃሹም ሳቂውም አንድ ላይ ሆነ።

ይሄኔ ዝናቡ ጣራውን ደበደበው፤ መብራቱም ሄደ። ስክሪኑ ጠቆረ። ጋሽ ሸምሱ ሰዉ እንዲወጣ በሩን ከፈተ፤ የተነሳ ግን አልነበረም። ሟቿ ገና ንግግሯን አልጨረሰችም። አስካለችና ፈንታው ያለ ማይክ፣ ከዝናቡ በላይ እየጮኹ ቀጠሉ። ተዋጊው ሌላ እንደማያገባ ማለላት፤ እሷ አላመነችውም። ከዚያ የተበላሸውን መንገድ አስጠገነችውና ሕዝቡን ሁሉ አስይዛ ውሃ ወዳለበት ሸኮ አስገባችው።

ከጊዜ በኋላ ጋሽ ሸምሱ ያንኑ ታሪክ እውነተኛ ሰዎች የሚሠሩበትን ፊልም አመጣ። በዚያው ቀን ከአስካለች ደንበኞች አንዱ፣ መምህር ሚካኤል፣ ታሪኩ መጀመሪያ በሥዕል የወጣበትን መጽሐፍ የእንግሊዝኛ ትርጉም በስልኩ አሳያት። ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው። ልጅቷ እዚያም መስኮት ላይ ቆማለች።

«ምን እያለች ነው?» አለች አስካለች።

«ስሙን ትጠራለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ከዚያ በኋላ ዝም ነው።»

አስካለች ሥዕሉን አየችው። «ምስኪን» አለችና ስልኩን መለሰችለት። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ አዲሱ ፊልም ተጀምሯል፤ የፊልሙ ሴት አፏን ልትከፍት ነው፣ ፈንታው ማይኩን ዘርግቶ ይጠብቃል። አስካለች እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ገባች።