ምስሉን መንገድ ማሻገር

በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። እትዬ የምላት ታላቅ እህቴ ቤቷ ከኔ ቤት መንገዱን ተሻግሮ ነው፣ እዚሁ አቃቂ። በዚያ ዓመት ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ከቅዳሴ ቀርታ የማታውቅ ሴት አልጋ ላይ ዋለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እህል አልቀምስም አለች። እኔ ቤት ዲሽ አለ፤ እሁድ እሁድ ቅዳሴ ያሳያል። ላንቺም ልግዛልሽ ብላት «ለምትሞት ሴት?» ብላ ከለከለችኝ። እንግዲያው የኔኑ እልክልሻለሁ አልኩ።

መጀመሪያ ገመድ ዘረጋሁ፤ ጭድ የጫነ መኪና በጥሶት ሄደ። ከዚያ ሳሪስ ሄጄ ያለ ገመድ ምስል የሚያሻግር ዕቃ ገዛሁ፤ ላኪው እኔ ቤት፣ ተቀባዩ እሷ ቴሌቪዥን ላይ። ምስሉ ከግቢዬ አላልፍ አለ። ድሮ አንቴና ከፍ ሲል ነው ምስል የሚጠራው፤ ስለዚህ ላኪውን አውጥቼ ጣሪያ ላይ ካቆምኩት እንጨት ጋር አሰርኩት። ዝናብ እንዳይነካውም ትልቅ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ደፋሁበት። መሰላሉ ላይ ሆኜ ደወልኩላት።

«እትዬ፣ መጣ?»

«ጉንዳን ነው የሚርመሰመሰው።»

«አሁንስ?»

«ጉንዳኑ ባሰበት። ምን አልብሰኸው ነው?»

«ቆርቆሮ። ለዝናብ።»

«የኔ ሞባይል እንኳ ቆርቆሮው ማድቤት ስገባ ኔትወርኩ ይጠፋ ነበር። አንተ አፍነህ ይዘኸው ና ትለዋለህ! አውልቅለት።»

«ሞባይል ሌላ፣ ይሄ ሌላ። አላወልቅም።»

«ከልጅነትህም በቅሎ ነህ!»

ከወደቀች ወዲህ ስትቆጣ የሰማኋት ያን ቀን ነው። ደስ አለኝ፤ እሺ ግን አላልኩም። እንጨቱን አስረዘምኩ፣ ወደ መስኮቷ አዞርኩ፤ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ቆርቆሮውን ቀስ ብዬ አነሳሁና የቢጫ ጀሪካን ቁራጭ ደፋሁበት። ወዲያው ስልኬ ጮኸ።

«ዜና አንባቢዋ መጣች! የጆሮ ጉትቻዋ ሳይቀር ይታያል። አወለቅከው አይደል?»

«እንጨቱን አስረዝሜው ነው።»

«ውሸታም!» ብላ ሳቀች። ቆይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ነገ ቅዳሴው መሀል እንዳይቀይሩብኝ። እዚያ ከተቀየረ እዚህም ሊቀየር ነው።»

እውነቷን ነው። እሁድ ጠዋት የልጅ ልጆቼ ካርቱን ካላየን ብለው ቤቱን ይበጠብጡታል።

በማግስቱ ጠዋት የዲሼን ሪሲቨር ቅዳሴው ላይ አደረግኩና ሪሞቱን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ልጆቹ ከኋላዬ ሲጮሁ ዞር ሳልል መንገዱን ተሻግሬ እትዬ ራስጌ ተቀመጥኩ።