የተዘጋው መታጠቢያ ቤት

ልብስ ሰፊዋን መጥፎው ሽታ መጀመሪያ የሸተታት የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ወገቡን ስታስተካክል ነው። በከንፈሯ የያዘቻቸውን እስፒሎች አውጥታ ዙሪያዋን ቃኘች። ሙሽራዋ በመስታወቱ ራሷን እያየች ነበርና ልብም አላለችው። ልብስ ሰፊዋ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰላም አጣች።

የምትሠራው እዚያው ቤቷ፣ ከሳሎኑ ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። ሰው ሲመጣ ደግሞ ቆሞ ይለካል እንጂ ወዲያው አይሄድም። ስለዚህ መታጠቢያ ቤቷን በበረኪና ፈተገችው። የእጅ መታጠቢያውን ሥር ፈትታ በሳሙናና በፀጉር የተላቆጠ ጥቁር ነገር እያቅለሸለሻት ጎትታ አወጣች፣ የፈላ ውሃም ደፋችበት። ለግማሽ ቀን ቤቱ በረኪና በረኪና ይላል፤ ከዚያ ያው ሽታ ተመልሶ ከች። ስፌቷን ጥላ ትነሳለች፣ መስኮት ትከፍታለች፣ ትቀመጣለች፣ ደግሞ ትነሳለች። አንዱን እጅጌ ገልብጣ ሰፍታው መልሳ ተረተረችው።

ታላቅ እህቷ መጥታ ቤቱን እየዞረች አሸተተችና ምንም የለም አለቻት። የአማትሽ ሐዘን ነው እንዲህ የሚያደርግሽ፣ ትንሽ አረፍ በይ ብላ መክራት ሄደች።

አማቷ የባሏ አባት ናቸው። እግራቸው ሲከዳቸው ባሏ ከጓሮ በኩል መኝታ ክፍል ሠራላቸው፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚታጠቡበት ሻወርም አብሮት አለ። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ አጥባ የምታለብሳቸው እሷ ነበረች። ሽማግሌው ያፍሩና እፍረታቸውን በቀልድ ይሸፍኑታል፤ "ልብስ ሰፊ ምራት እያለችኝ እኔ ራቁቴን" ይሏታል። ሁለቱም ይስቃሉ። ሲሞቱ ባሏ ክፍሉን ቆልፎ ቁልፉን ቁም ሳጥኑ ላይ ጣለው። አትንኩት አላለም፤ የነካው ግን አልነበረም።

ወደዚያ በር በቀረበች ቁጥር ሽታው ይብስባታል። ይህን ለእህቷም አልነገረቻትም። በደንብ ሳላጸዳ የተውኩት ነገር ይኖር ይሆን እያለች በሆዷ ትብሰለሰላለች። ባሏን በስልክ ስትጠይቀው ስመጣ እናየዋለን አላት። መጣ፣ አደረ፣ ሳያነሳው ሄደ።

አንድ ቀን የሙሽራዋ እናት ልጃቸውን ይዘው መጡና ገና ከመቀመጣቸው መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። ልብስ ሰፊዋ እንደሸኘቻቸው ወንበር አስጠግታ ቁልፉን አወረደች።

የሽማግሌው ፎጣ እንደተሰቀለ ነው። ሳሙናው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሽታው ወለሉ መሐል ካለው የውሃ መውረጃ ነበር የሚወጣው፤ ጎንበስ ስትል ፊቷን መታት። ሌላ ነገር ስላልመጣላት ባልዲ ሞልታ ደፋችበት። ቀዳዳው ተንቋረረና ዝም አለ።

ሳይመሽ ሽታው ጠፋ። አላመነችም፤ ከክፍል ክፍል እየተመላለሰች ታሸታለች። በመጨረሻ ቧንቧውን ለዘረጋው ሠራተኛ ደወለች። ከቀዳዳው ሥር ጠምዘዝ ያለ ቱቦ እንዳለ፣ እዚያ የሚተኛው ውሃ ሽታውን እንደሚያግደው አስረዳት።

"ሰው ካልታጠበበት ይደርቃል እህቴ" አላት። "አልፎ አልፎ ውሃ ድፊበት፣ ሌላ በሽታ የለውም።"

እፎይ ማለት ሲገባት፣ ሰው ካልታጠበበት ያላት ነገር ከጆሮዋ አልወጣ አለ፤ በሩን መልሳ አልቆለፈችውም። ባሏ ሲመጣ በሩን ክፍት አገኘው። ቦርሳውን ሳያስቀምጥ እዚያው ቆመ።

"ማን ክፈቺው አለሽ?"

ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ እሷን የከበዳትም ያ ነው። የሆነውን ሁሉ ነገረችው።

"ውሃ ይፈልጋል" አለችው። "እኔ እደፋለሁ። ግን አንተ ስትወጣ ጠብቄ፣ ተደብቄ አልደፋም።"

ቦርሳውን አስቀምጦ ቅያሪ ልብሱን ይዞ ወደ አባቱ መታጠቢያ ገባና በሩን ከውስጥ ዘጋ። ውሃው ሲወርድ ሰማች። የስፌት መኪናዋ ላይ ብትቀመጥም ክር ማስገባት አቃታት። ተነስታ እስከ በሩ ሄደች፣ ተመለሰች። ውሃው አሁንም ይወርዳል።

ዓይኑ ቀልቶ ወጣ።

"የዚህ ሙቅ ውሃው ይሻላል" አለ ራሱን እያደራረቀ።

"አባባም እንደዚያ ነበር የሚሉት።"

ከዚያ ወዲህ ከመንገድ ሲገባ እዚያ ነው የሚታጠበው። ፎጣውን ግን ሁለቱም አላነሱትም። መንገድ ሲያቆየው ባልዲውን እሷ ትደፋለች፤ ከደፋችም በኋላ ልቧ አያርፍም፣ ቆማ ታሸታለች።